ሰዓቱ ያልተሞላው ሠርግ

ፕሮግራመሯ የሠርግ አዳራሾቹን የኮምፒውተር መመዝገቢያ ሠርታ ስታስረክብ አፏን ሞልታ ነበር የፎከረችው። «ከእንግዲህ ሁለት ሙሽራ በአንድ በር አይጋፋም!» ለሥራ አስኪያጁም በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻቸው። አዳራሹ ብቻውን ቢደገም ችግር የለም፤ ቀኑም እንዲሁ። አዳራሹ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሦስቱም አንድ ላይ ከተደገሙ ግን ዳታቤዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መዝገብ፣ አሻፈረኝ ይላል።

ይህን ያለችው ሴት የራሷን ሠርግ እዚያው ስታስመዘግብ ሰዓቱን ባዶ ተወችው። ምን ታድርግ? እሷና እጮኛዋ የሚፈልጉት ከሰዓት ነው፤ እናቷ ደግሞ «ጠዋት ካልሆነ እኔን እርሱኝ» ብላ ወር ሙሉ አኩርፋለች።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ስሚ እንጂ ልጄ፣ በዚያ ቅዳሜ ትልቁ አዳራሽ ሁለት ሙሽራ አለው። አንዷ አንቺ ነሽ።»

መዝገቡን ከፍታ አየች። ሌላዋም ሙሽራ ሰዓቱን ሳትሞላ አልፋለች። ለዳታቤዝ ደግሞ ባዶ ማለት «አይታወቅም» ማለት ነው፤ ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን አንድ ናቸው ብሎ አይፈርድም። ስለዚህ ሁለቱንም ዝም ብሎ አስገባቸው። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች፤ የእናቷ ኩርፊያ አስረስቷት ነው እንጂ።

ቀድማ የተመዘገበችው ሌላዋ ናት፤ የመምረጥ መብቱም የእሷ ነው። እሷ ከሰዓት ካለች አለቀ፤ ለፕሮግራመሯ የሚቀረው ጠዋት ነው፣ እናቷ ረታች። ፕሮግራመሯ ለሌላዋ ሙሽራ ደወለችና ድምፅዋን አጎረነነች።

«በደንባችን መሠረት ሰዓት ያልሞላ ሰው ጠዋት ይመደባል።»

እንዲህ ያለ ደንብ የትም የለም።

«ተመስገን!» አለች ሌላዋ ሙሽራ። «እኔም ጠዋት ነበር የምፈልገው፤ አማቴ ናቸው እምቢ ያሉት። እባክሽ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ነው የወሰነው ብለሽ በጽሑፍ ላኪልኝ!»

ላከችላት። ወዲያውም ሰዓት ሳይሞላ እንዳይመዘገብ አድርጋ ቀዳዳውን ደፈነች። ከዚያ እናቷ ቤት ሄደች።

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ከሰዓት ብሏል።»

«ኮምፒውተሩ ራሱ?»

«ራሱ።»

«እሱ ካለማ ምን ይደረጋል።»

ፕሮግራመሯ ደስ አላት፤ አንጀቷም አረረ። ወር ሙሉ ስትለምናት ያልሰማቻት እናቷ ለማሽን በአንድ ቃል ተረታች!

«ምን ያስኮርፍሻል?» አለች እናቷ። «እሱ መቼም እንዳንቺ አይሳሳትም።»