በወንድም ደጃፍ የተተከለ ኬላ

እትዬ ኬላ ከጉምሩክ መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጣች፤ ፍተሻው ግን አብሯት ጡረታ አልወጣም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ስትበረብር፣ ከጎማ ውስጥ ሽቶ፣ ከሬሳ ሳጥን ውስጥ ስልክ ስታወጣ የኖረች ሴት እቤት ተቀምጣ ምን ታድርግ? ወንበሯን አነሣችና ከአጥር ወዲያ ባለው በታናሽ ወንድሟ ቤት ደጃፍ ላይ ተከለችው። ኬላ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። መጀመሪያ በሐሜት ነበር የሚጠሯት፤ ኋላ ፊት ለፊት ሲጠሯትም አቤት ማለት ጀመረች።

ወንድሟ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። የሚሠራው እዚያው በሚኖርበት ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ደንበኛ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፤ ማለፍ ከተባለ። ሳል አለ? ንፍጥ? ጉሮሮ? እቤት ትኩሳት ያለበት ልጅ አለ? እጅ በሳሙና፣ እስከ ክርን። ከዚያ ግንባር ላይ የሙቀት መለኪያ። ይህን ያለፈ ይገባል፤ ያላለፈ መኪናው ይገባል፣ እሱ ውጭ አግዳሚው ላይ ይጠብቃል። መኪና አያስነጥስም ባይ ናት። አንድ ጊዜ ፖስተኛውን፣ ትናንት ሲያስልህ ሰምቻለሁ ብላ ከነደብዳቤው መልሳዋለች። እውነትም አስሎት ነበር፣ ከሦስት ቤት ወዲያ።

ሰፈሩ ይሥቃል እንጂ ለእሷ የሚያሥቅ ነገር አልነበረውም። ወንድሟ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ሲመግል፣ ሳንባው ሲታመም ነው ያደገው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት ያመላለሰችው እሷ ናት። ሌላውን ልጅ በሦስት ቀን የሚለቀው ጉንፋን እሱን ሦስት ሳምንት ያስተኛዋል። ልፍስፍስ ነው አሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አብዝቶ ነው አሉ፤ አስተማሪው ደግሞ ትምህርት ጠልቶ ነው አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ነው አንዲት ሐኪም ደሙን አስመርምራ ነገሩን የደረሰችበት። ሰውነቱ በሽታን የሚዋጉትን ፀረ እንግዳ አካላት በበቂ አይሠራም። ከማንም አልያዘውም፣ ለማንም አያስተላልፈውም፤ አብሮት የተወለደ ጉድለት ነው። መድኃኒቱ ከብዙ ሺህ ጤነኛ ሰዎች ከተለገሰ ደም ተጣርቶ የሚዘጋጅ ፈሳሽ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በትንሽ ፓምፕና በቀጭን መርፌ ከሆዱ ቆዳ ሥር ይገባለታል። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እሱም እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብሎ የሰው መኪና ይፈታል።

ሐኪሟ ያን ቀን ብዙ ነገር ተናግራ ነበር። እትዬ ኬላ ግን ከታመመ ሰው ይራቅ፣ እጁን ይታጠብ፣ ትኩሳት ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ይምጣ የሚለውን እንደሰማች ሳሙና ልትገዛ ተነሥታ ወጣች። የቀረውን የሰማው ወንድሟ ብቻ ነው።

አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ መጣች።

መኪናዋን ታቅፋ ደጃፉ ላይ እንደደረሰች ሰባት ጊዜ አከታትላ አስነጠሰች። እትዬ ኬላ ከወንበሯ ብድግ አለች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን እየጠረገች ጉንፋን እንዳልሆነ፣ አቧራና የጨርቅ ብናኝ እንደማይስማማት፣ አለርጂ እንደሆነ አስረዳች። በማግስቱ የሐኪም ወረቀት ይዛ ተመለሰች። እትዬ ኬላ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፤ ቀኑን ከፊርማው ጋር አስተያየችው። ወረቀቱ እውነተኛ ነበር፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

"አይቆጡ እትዬ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የወንድምዎ የሰውነት ዘበኞች እንቅልፋም ናቸው አሉ። የእኔዎቹ ደግሞ ብናኝ ባዩ ቁጥር ሌባ መጣ ብለው ሰፈር ይቀሰቅሳሉ።"

እትዬ ኬላ እንዲህ ዓይነቱን ዘበኛ በሆዷ አደነቀች። ሴትዮዋን ግን አላስገባቻትም።

ከዚያ ወዲያ ያ መኪና በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተበላሸ። ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታስነጥሳለች፤ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ ስለ ብሎን ያስረዳታል። ለመሆኑ ስለ አንድ ብሎን አንድ ሰዓት ተኩል ይወራል? ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። በፈታሽ ሕግ በወር አራት ጊዜ የሚመላለስ ዕቃ ዕቃ አይደለም፣ የሌላ ነገር ሽፋን ነው። ወንድሟ ወደ ጓዳ ሲገባ ጠብቃ መኪናውን ራሷ ፈተሸችው። ብሎኑ በመቀስ ጫፍ ተፈቷል፤ ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ማስረጃዋን ይዛ ስታፋጥጠው አንገቱን ደፋ። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ያውቅ ነበር።

"ታዲያ ለምን ጠበቅ አድርገህ አታስረውም?"

"መፍታቱ እንዳያስቸግራት ብዬ" አለ።

ቀጥሎም ቅዳሜ ለምሳ እንደጠራት፣ ውስጥ ገብታ እንደምትበላ፣ ያን ጊዜም እንጋባ ሊላት እንዳሰበ ነገራት። እህቱ አጠገቡ እንድትሆን ይፈልጋል። እትዬ ኬላ ያን ሳምንት እህል አልወርድ አላት። ቅናት ቢጤ አልነበረም አይባልም፤ የበለጠው ግን ፍርሃት ነው። ትዳር ካለ ልጅ አለ፤ ልጅ ካለ ንፍጥ አለ። ያን ሁሉ ማን ይፈትሻል? እሷ ዓይኗን ያነሣች ቀን ይህ ልጅ የሚሞት ይመስላታል። ሰው ሲሥቅባት የማትሥቀው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስትነሣ ጉሮሮዋ ይከረክራታል፣ ራሷ ከብዷታል።

የሌሊቱ ብርድ ነው አለች ለራሷ። ሦስት ሰዓት ላይ ትናንት ጮኼ ስለተናገርኩ ነው አለች፤ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ የአልጋ ልብሱ ሳሙና ነው አለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲነግራት ያፌዘችበት ሰበብ ሁሉ አሁን አንድ በአንድ እውነት መስሎ ታያት። ወንድሟ እንጋባ ከሚልበት ምሳ መቅረት? የማይሆን ነው። የትኩሳት ክኒን ዋጠች፤ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፤ ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አሰረች። ኮንትሮባንድ የያዘ ሰው ሲበዛ ቀጥ ብሎ እንደሚራመድ ታውቃለችና ትከሻዋን ትንሽ ጎበጥ አድርጋ አጥሩን ተሻገረች።

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ደርሳ፣ ማንም ሳይጠይቃት እጇን እስከ ክርን ታጥባ በር ላይ ቆማለች። ወንድሟ አርፍዶ የጀመረውን ፓምፕ ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ከፈተ። መጀመሪያ እንግዳዋን ግቢ አላት። ከዚያ እህቱን አያት፤ ቆይቶ አያት።

"እትዬ፣ ሳል አለ?"

ይህን ጥያቄ ጠይቃ እንጂ ተጠይቃ አታውቅም። "የምን ሳል" ልትል አፏን ስትከፍት ሳሉ ቀደማት፤ አጎንብሳ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

"አቧራ ነው" አለች።

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን እየነካካች ዙሪያውን አየች። "እትዬ፣ አቧራ ቢኖር እኔ እስካሁን መንደሩን በማስነጠስ አናውጬው ነበር።"

ወንድሟ ሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ አደረገ። ክኒኑም ቀዝቃዛው ውሃም አላዳናትም፤ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ።

"ዛሬ አትገቢም" አለ።

"እኔን?"

"አንቺን። ሐኪሟ ሳሙና ልትገዢ ስትወጪ ምን አለችኝ መሰለሽ? እንደ ሰው ኑር፣ ሥራ፣ አግባ፤ ግን እምቢ ማለትን ራስህ ተማር፣ እህትህ ዕድሜ ልክህን አትቆምልህም አለችኝ። አምስት ዓመት እምቢ ስትይልኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ምሳሽን ደጃፍሽ ላይ አደርስልሻለሁ። እሷ የምትመልስልኝንም መጀመሪያ ለአንቺ እነግራለሁ። አሁን ግን ሂጂና ተኚ፣ እታለም።"

በሩ ተዘጋ። እትዬ ኬላ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። መጀመሪያ ደሟ ፈላ፤ አዝዬ ባሳደግሁ፣ ለዚህ ነው? አለች። ቀጥሎ እምባዋ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ኬላ የሚፈተነው በባዕድ አይደለም፣ በዘመድ ነው። ስንት አንበሳ የሚባል ፈታሽ አጎቱ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሳልፍ አይታለች። ይህ ልጅ ግን እናት የሆነችለትን እህቱን፣ በዚህ ቀን፣ ከደጅ መለሰ። እንግዲያው እኔ ባልኖርም ይኖራል አለች በልቧ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠ ሸክም ወረደላት።

ወደ ቤቷ ጥቂት ከተራመደች በኋላ አላስቻላትም። ተመለሰችና በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። አልነቃነቅም አለ።

"ማነው?" አለ ወንድሟ ከውስጥ።

"ማንም አይደለም" አለች፤ ደስ ብሏት ሄደች።