የዶክተር ሙርተዳ ሰላምታ

ግራ ዓይኔ የጠፋው በሰላምታ ነው።

በሱዳኗ ከሰላ ከተማ ዓይን ውስጥ መርፌ የሚወጋው ዶክተር ሙርተዳ ብቻ ነው። ስኳር ዓይናችንን የያዘን ሰዎች ሰኞ ሰኞ እንሰለፍለታለን። ሲወጋ ጭምብሉን አገጩ ሥር ያወርዳል። መርፌውን እንደያዘ በተከፈተው ዓይን ላይ አጎንብሶ፣ «ሐጂ ሺበይካ፣ እንዴት ነዎት? ቤቱስ? ልጆቹስ? ፍየሎቹ ደህና ናቸው?» ይላል። እኛ አገር ሰላምታ አይታጠርም። እኔም ሞኙ አልሐምዱሊላህ እያልኩ መለስኩለት።

በሁለተኛው ቀን ዓይኔ መገለ። ካርቱም ወሰዱኝ፤ ማትረፍ አልተቻለም። ከዓይኔ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩና፣ ያበላሸው በሰው አፍ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ይዤው ስመለስ ዶክተሩ ወረፋ በያዙት ሰዎች ፊት ሳቀ።

«ሐጂ፣ በጋሽ ወንዝ ውሃ ታጥበው ይሆናል። ጥፋቱ የራስዎ ነው።»

ይህን ቃሉን በእነዚያው ሰዎች ፊት ላስውጠው ወሰንኩ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ግን ሃያ ሰባት ዓመት የከብት በሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ባክቴሪያ የሚበቅልበትን የበግ ደም በክብ ሳህን የማፈሰው እኔ ነበርኩ። ስናፈስ መናገር ክልክል ነበር። ለበግ ደም ያን ያህል እንጠነቀቅ ነበር።

ከድሮ ባልደረቦቼ የበግ ደም የፈሰሰባቸው ሁለት ሳህኖች ለመንኩ። ቀኝ ዓይኔም መርፌ ያስፈልገው ስለነበር በቀጠሮዬ ቀን ገባሁ። አንዱን ሳህን ዶክተሩ አፍ ሥር ከፈትኩ። ሌላውን ነርሷ ሲስተር ኢኽላስ ጭምብሏን አድርጋ፣ ጥግ ላይ ዝም ብላ ከፍታ ያዘችልኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሳህን ነው። ሰላም በለው።»

«እንዴት ነህ ሳህኔ? ሚስትህስ? አማትህ እስካሁን አልሄደችም?»

ሰልፈኛው በበሩ እያየ ሳቀ። እስኪበቃው ተውኩት። ከዚያ ሁለቱንም ከደንኩ፣ ዛሬ አልወጋም ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሳህኖቹን በፕላስተር አሽጌ በሰልፈኛው መካከል አዞርኳቸው። የሲስተር ኢኽላስ ሳህን ደሙ እንደ ቀላ ነበር። የዶክተሩ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ፈልቶበታል፤ የነጠብጣቡ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይሄማ በሁሉም ሰው አፍ አለ» አለ ዶክተሩ።

«አዎ፣ በኔም አለ። እኔ ግን መርፌ አልያዝኩም።»

ሐጃ ቡሰይና ከሰልፉ መካከል፣ «ዶክተር፣ የኔንም ዓይን የወጋኸው ስለ ግመሌ እየጠየቅከኝ ነው እኮ» አለች። የሳቀ የለም።

ዶክተሩ ሳህኑን ተቀብሎ አየና፣ «ከኔ ነው። ከውሃው አይደለም» አለ። ሁሉም ሰማ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ።»

«በል ይቅር በለው እንጂ» አሉ ከኋላ።

«መጀመሪያ ቀኙን ውጋ። ጭምብልህን ከፍ አድርግ። አንድ ቃል እንዳልሰማ።»

ወጋኝ። ትንፋሹ እንኳ አልተሰማም። አምስት ቀን በፍርሃት ጠበቅኩ። ዓይኔ ደህና ሆነ።

በስድስተኛው ቀን አንድ ካርቶን ተምር ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። «ሐጂ፣ አሉ?» አለ ሦስት ጊዜ። ሚስቴ ቱማዲር፣ «ክፈትለት እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል» ብላ ስትነሣ እጇን ያዝኳት። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ላቡ ከጆሮው ሥር ወርዶ የጀለቢያውን አንገት አርሶታል። እስኪሄድ ድረስ አየሁት። አልከፈትኩለትም።