ሦስት ፊደል

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አላት ባሏ ሃይደር። የመኪያ ጣት ወረቀቱ ላይ፣ ካነበበችው ቃል ሥር እንዳለ ቀረ።

ሁለቱ ከወሎ መጥተው መገናኛ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አላህ የሰጣቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው፤ ሳና ትባላለች። ሃይደር ግን ወንድ ልጅ ይጠብቅ ነበር። ስም ሳይቀር አውጥቶለታል። ደንበኛ ዋጋ ቀንስ ብሎ ሲጨቀጭቀው «ኢክሪማ ይወለድና እሱ ይቀንስልሃል» እያለ ያስቅ ነበር።

የመኪያ የወር አበባ ከቆመ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ዛሬ እነግረዋለሁ ስትል እየሳቀ ይገባል፤ ነገ ስትል ደክሞት ይመጣል። ድንገት ከደረቷ የሚነሳው ሙቀት ፊቷን ሲያነደው ጉንፋን ነው ትለዋለች፤ ላቧን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። እሱም «አብሽሪ» ብሎ ዝንጅብል ያፈላላታል። ይሄ ከሁሉ ይብስባት ነበር።

የምታውቀው ሳና ብቻ ነበረች። እናቷ እንቅልፍ ማጣቷን አይታ ሲኤምሲ አንድ የዮጋ ክፍል ወሰደቻት። መኪያ ጉልበቷን አጥፋ፣ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ በረጅሙ ስትተነፍስ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይለቃት ጀመር። አስተማሪዋ ሊድያ ይህ አቀማመጥ «ሕፃን» እንደሚባል ስትነግራቸው ሌሎቹ ሴቶች፣ በዚህ ዕድሜ ሕፃን ሆንን ብለው ሳቁ። መኪያ ቀና ሳትል ብዙ ቆየች።

በዚያው ሰሞን የጎልማሶች ትምህርት ጀምራ ነበር። መምህሯ አሰፋሽ፣ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ሁሉ ቤት ውስጥ ለሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ ብላቸዋለች። የመኪያ ሰሚ ሃይደር ነው። እሷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ እሱ ገጥሞ ቃል ያደርግላታል። ደብተሯን የገዛላትም እሱ ነው።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ተመልሶ ምሳ ከበሉ በኋላ፣ ከቦርሳዋ አዲስ ወረቀት አወጣች። ከዮጋው ክፍል የተሰጣት የምዝገባ ወረቀት ነበር። ስሟን በገዛ እጇ የጻፈችበት የመጀመሪያው ወረቀት ስለሆነ ልታሳየው ቸኩላለች። ከላይ የተጻፈውን አላነበበችውም ነበር።

«ዮ፣ ጋ» አለች።

«ዮጋ» አለ ሃይደር።

«ላ፣ ረ፣ ጡ።»

«ላረጡ» ብሎ ገጠመላት እንደ ልማዱ። የቀረውን ራሱ አነበበው። «ላረጡ ሴቶች።» ከሥሩ መኪያ የሚል ተጽፏል፤ ፊደሉ ተለቅ ተለቅ ያለ፣ የእሷ እጅ።

መቼ ልትነግሪኝ ነበር ያላት ይሄኔ ነው። ድምፁን አላነሳም።

«ልጅ የሚሰጥ አላህ ነው፤ በሱ አልከስሽም» አላት። «ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ ስጠብቅ ታይኝ ነበር።»

ፈርታ እንደነበር ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልመጣላትም። ሙቀቱ ግን መጣ። አንገቷን፣ ጆሮዋን አነደደው። ሃይደር አየና ጉንፋን መሆኑን አልጠየቀም።

ከዒድ በኋላ ወንድሜን ልጠይቅ ብሎ ደሴ ሄደ። በሁለተኛው ወር እዚያው ማግባቱ ተሰማ።

መኪያ ዛሬም ሲኤምሲ ትሄዳለች። ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳታል። ፊደሉንም ራሷ ትገጥማለች። ለጥያቄው መልስ ደብተሯ ላይ ጽፋለች፤ «ስለምወድህ ፈራሁ» ይላል። የሚያነበው የለም።

ሃይደር ሄደ። መኪያና ሳና ቀሩ።