ቲቶ ቡራዩ ላይ የመሰከረው

ግንበኛው ቲቶ ጫት የተወው የእውነቱን ነበር፤ ይህን ማንም ሊክድበት አይገባም። ሰበታ ባለው አጥቢያቸው በጾም ጸሎት ሳምንት ተጸለየለት፣ አለቀሰ፣ ከዚያም ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ቅጠል የሚባል በአፉ አልዞረም። ጥፋቱ በሃያ ሁለተኛው ቀን መድረክ ላይ መውጣቱ ነው። «በአንድ ጸሎት ተላቀቅሁ! ሐራራ እንኳ አላየሁም!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሐራራው ግን ይህን አልሰማም ነበርና፣ በስድስተኛው ሳምንት ሱሉልታ ፎቅ ሲሠሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የሥራ ባልደረባው አክመል እንደ ድሮው ቀንበጥ ዘረጋለት፤ ቲቶም ተቀበለ።

ያን ዕለት ለአንድ ሰው ቢናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ግን በየት አፉ? ምስክርነቱ አገር አዳርሷል። ተጂ ከተማ ያለ አጥቢያ እንዲመሰክር ጠራው። ለድፍረት ብሎ ቅሞ ሄደ፤ መረቀነና አንደበቱ ተፈታ፤ ሕዝቡም መንፈስ የነካው መሰለው። ጫት ቅሞ ስለ ጫት መተው የሚመሰክር ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸውላችሁ ቲቶ።

ባለቤቱ ደመቀች ሁሉንም ታውቃለች።

«ሰው ማታለልህ ብቻ አይደለም የሚያመኝ» አለችው። «ተፈውሻለሁ ብለሃል። እንግዲህ ፈውሰኝ ብለህ የምትጸልየው እንዴት ነው?»

እውነቷን ነበር፤ በዚህ ከቀጠለ መቼም ላይተው ነው።

ቀጥሎ ቡራዩ ተጠራ። ጠዋት ቅሞ ከደመቀች ጋር ሄደ። የአጥቢያው ሽማግሌ ኦቦ ኢተፋ በር ላይ ተቀበሏቸው። «አከም ጅርታ፣ ቲቶ! ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው» አሉት።

ገና ሳይቀመጥ ገመቺስ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ተጸልዮልኝ ሦስቴም ተመለስኩበት። አንተ በአንድ ጸሎት፣ ያለ ሐራራ… እኔን እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? ዛሬም ካልሆነልኝ ቸርች መምጣቱንም ልተወው ነው።»

የጠዋቱ ጫት ጣዕም ገና ከቲቶ ጉንጭ አልጠፋም። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ማይኩን ሰጡት።

«አልተውኩም» አለ። «አምስት ሳምንት ትቼ ተመለስኩ። አፈርኩና ዋሸሁ። ዛሬም ቅሜ ነው የመጣሁት። ገመቺስ፣ እግዚአብሔር አልተወህም፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ጸልዩልኝ።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋው። ኦቦ ኢተፋም የያዙትን ወረቀት አገላበጡ፤ በፕሮግራሙ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተያዘም። ገመቺስ ግን ወንበሮቹን እየገፋ መጥቶ ከቲቶ ጎን ተንበረከከ። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሁለት ጎረምሶች፣ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ደመቀች ከኋላ ወንበር ሆና አንገቷን ቀና አደረገች። የዚያን ቀን ጸሎት ከምሳ ሰዓት አለፈ።

ሐራራው እንደሆነ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች አለ። ቲቶ ስሚንቶውን ጥሎ ለገመቺስ ደወለ።

«መጣ» አለ።

«እኔም ጋ አለ» አለ ገመቺስ ከመናኸሪያው።

በስልክ አብረው ጸለዩ። አክመል ይህን ለሳምንት ሲያይ ከረመና፣ «በቃ፣ አንተ ፊት አልቅምም» ብሎ የጫት ዙርባውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ገመቺስ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ በዚያው ቀን ተናገረ፣ በዚያው ቀን ተነሳ። ቲቶ አልወደቀም። ደክሞታል፣ ተነጫንጯል፣ በዱካክ ብዛት እንቅልፍ አጥቷል፤ ግን አልወደቀም። ወራት አለፉና ዘጠኝ ሰዓት እንደማንኛውም ሰዓት ሆነ።

በዓመቱ ቡራዩ እንደገና ጠሩት። ገመቺስ መሰከረ። ቲቶ ግን ማይኩን አልቀበልም አለ። «የኔን አፍ ታውቁታላችሁ» ሲል ሰዉ ሳቀ።

ያኔ በሕይወቷ መድረክ ረግጣ የማታውቀው ደመቀች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ማይኩንም ከኦቦ ኢተፋ እጅ ወሰደች።

«አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ» አለች። «ትቷል።»

እልልታውንም መጀመሪያ ያቀለጠችው ራሷ ነች።