አንቺ ብቻ ስሚኝ

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። አንጥፌ ስጨርስ እያንዳንዱን በቁልፍ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ሥሩ በደንብ ያልተሞላው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሌላው የማይሰማውን ስለምሰማ ጓደኞቼ «ጆሮው» ነበር የሚሉኝ። ሰው በወጣለት ስም ይያዛል መሰለኝ፣ እኔንም ያገኘኝ በዚያው ነው።

መጀመሪያ ግራው ጭው ይልብኝ ጀመር። የመቁረጫው ጩኸት ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ቀኙም ተከተለ። ከኤችአይቪ ጋር ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ክኒኔን አንድ ቀን አላዛንፍም፣ ቫይረሱም በምርመራ አይታይም። ስለዚህ ደሜ ንጹሕ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ያ ክኒን ሌላውን በሽታ እንደማይከላከል ነግረውኛል እኮ፤ እኔ ሞኙ አልሰማሁም እንጂ።

አሠሪዬ አንድ መታጠቢያ ቤት ሙሉ ባዶ የሚጮህ ሴራሚክ አንጥፌ መሄዴን ሲያሳየኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ቂጥኝ ነው፣ ጆሮህ ውስጥ ገብቷል፣ ዐሥራ አራት ቀን ተኝተህ ፔኒሲሊን በደም ሥር ትወስዳለህ፣ መስማትህ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ከሥሩ ደግሞ፣ አብራህ የነበረችው ትመርመር ብላ አሰመረችበት።

አብራኝ የነበረችው ልብስ ሰፊ ናት። ቫይረሱን ታውቃለች፤ ያላወቀችው ሌላ ሴት ጋ መሄዴን ነበር። ስታውቅ ተለየችኝ፣ ሁለት ወር ሆነ። መልእክት እንዳልጽፍ ስልኳ የሚውለው ሱቋ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ያነበዋል። በተኛሁበት ክፍል ነርሷ እኔ ልደውልላት ብላ በወረቀት ጠየቀችኝ፤ የራሴን ጉድ በሰው አፍ አላስወራም አልኩ። ራሴው ደወልኩ። ስልኩ ላይ ሰከንዱ መቁጠር ሲጀምር ማንሳቷን ዐወቅኩ።

«የምትዪው አይሰማኝም፣ ደንቁሬያለሁ» አልኳት። «አንቺ ብቻ ስሚኝ። ቂጥኝ ይዞኛል፤ ከእኔ ተጋብቶብሽ ይሆናል። ዛሬውኑ ተመርመሪ፣ መድኃኒት አለው። ይቅርታ።»

አራት ደቂቃ ቆጠረ። ትስደበኝ፣ ታልቅስ፣ አላውቅም። የክፍሉ በሽተኛ ግን ሁሉንም ሰምቷል፤ ደንቆሮ ድምፁን መች ይመጥናል። ከዚያ ወዲያ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። እንዲህ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የቀረችኝ ሥራ አልጋዬ ሥር ያለውን ሴራሚክ በቤቴ ቁልፍ መምታት ነበረች። ጠዋት ጠዋት አጎንብሼ እመታለሁ፤ ምንም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቋ ሲል ሰማሁት። የማን ሥራ እንደሆነ እንጃ፣ አበላሽቶ ነው ያነጠፈው፣ ባዶ ነው። ደስታው እንባዬን አመጣው።

ወዲያው ደወልኩላት። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ተነሣ።

«ቀኙ ተመልሷል» አልኳት። «አሁን እሰማሻለሁ። ተመረመርሽ?»

ምንም የለም። ሰከንዱ ይቆጥራል። ጆሮዬ ተመልሶ ጠፋ ብዬ ክው አልኩ። ስልኩን ፈቀቅ አድርጌ፣ አጎንብሼ ያንኑ ሴራሚክ በቁልፉ መታሁት።

ቋ አለ፣ ጥርት ብሎ። ጆሮዬስ ደህና ነው፤ ዝም ያለችው እሷ ናት።