ፀጥ ያለ ቤት ይሸጣል

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የቴምዝ ወንዝ ይውሰደኝ፤ ዋና ደግሞ አልችልም።

ለንደን፣ ፑትኒ ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ባለው ክሬስዌል ሕንፃ ሃያ ስድስት ዓመት በረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሕንፃው መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቀይ ጡብ፣ የነሐስ እጀታ፣ የእብነ በረድ ደረጃ። ባለፈው መጋቢት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው አሥራ አራት ቁጥር ለሽያጭ ቀረበ። ደላላው ጃይልስ ይባላል፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ ጎረምሳ። ለመጣው ሁሉ "ወንዙን አልጋዎ ላይ ተኝተው ያዩታል!" ይላል።

ሊገዙ የመጡት ሚስስ ዳልሲ ታክዌል ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤታቸውንም ሱቃቸውንም ሸጠው፣ ያላቸውን ሁሉ እዚህ ሊያፈሱ ነው፤ የሚፈርሙት አርብ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ፦ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ። የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ብሎን በወረንጦ ለሚይዝ ሰው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው።

ደግሞም ተጠራጣሪ ናቸው። ግድግዳ ያንኳኳሉ፣ ቁም ሳጥን ያሸታሉ።

"ጎረቤቶቹስ?"

"መላእክት ናቸው!" አለ ጃይልስ።

አሥራ ሦስት ቁጥርን ጠየቁ፤ "መላእክት።" አሥራ አምስት ቁጥርን ጠየቁ፤ "መላእክት።"

ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ። "ስማ፣ ለንደን ውስጥ ጎረቤቱን የሚያመሰግን ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እዚህ ቤት የሆነ ነገር አለ።"

አለ እንጂ! በኛ በእንግሊዝ፣ ቤት የሚሸጥ ሰው ቅጽ ይሞላል፤ "ከጎረቤት ጋር ክርክር ነበረ ወይ?" የሚል ጥያቄ አለበት። "አዎ" ብሎ የጻፈ ዋጋው ይወርድበታል። ስለዚህ በክሬስዌል ማንም በማንም ላይ አቤቱታ አይጽፍም። ጥርሱን ነክሶ ፈገግ ይላል።

ከአሥራ አራት ቁጥር በላይ የሚኖሩት ሚስተር ፔሊው ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ የድሮ የጀልባ ቀዘፋ ሻምፒዮን። ቴምዝ ከባሕሩ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል። ወንዙ ሲሞላ ውጭ ይቀዝፋሉ። ሲጎድል ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ስለሚውጣቸው፣ ሳሎናቸው ውስጥ የተተከለ ስምንት ሜትር ጀልባ አላቸው፤ እሱ ላይ ይወጣሉ። አንዱ መቅዘፊያ በመስኮት ወጥቶ የርግቦችን ጀርባ ያካል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ እሁድ የአሥራ አራት ቁጥር መብራት ከጣሪያው ተነቅሎ ሾርባ ውስጥ ገባ። ባለቤቶቹ ፊታቸውን ጠርገው ለሽማግሌው ኬክ ይዘው ወጡ።

ጃይልስ ታዲያ ቤቱን የሚያሳየው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ማክሰኞ ለአምስት አሥር ጉዳይ፣ ረቡዕ ለስድስት ሃያ ጉዳይ።

ሚስስ ታክዌል ረቡዕ ዕለት ሰዓታቸውን አዩ። "በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓት ቢያመጡልኝ የማርሹ ጥርስ ተሰብሯል እል ነበር። ደላላ ሲሆንስ ምን ይባላል?"

እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ ጠጋ አልኩና "እመቤቴ፣ ውሃው ሲጎድል ይምጡ" አልኳቸው።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ መጡ። ባለቤቶቹ ስላልነበሩ በትርፍ ቁልፌ ከፈትኩላቸው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ይዘውት የመጡትን የእጅ ሰዓት ፈቱ፤ ብሎኗን በወረንጦ አነሱ።

ጓ! ጓ! ጓ!

ብሎኗ ዘልላ ጠፋች። ሴትዮዋ ደረጃውን ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ።

"ሚስተር ፔሊው፣ ቤት እንደሚያናውጡ ማንም ነግሮዎት አያውቅም?"

"እኔ?" አሉ ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ስኖር ማንም! እንዲያውም ኬክ ያመጡልኛል።"

አርብ ጃይልስ እስክሪብቶውን ይዞ መግቢያው ላይ ጠበቃቸው።

"አልፈርምም" አሉት።

"ግዴለም፣ ግዴለም። ምክንያቱን ብቻ በጽሑፍ እንዳያደርጉት፣ በእናትዎ!"

"ጠዋት ለሻጮቹ ጠበቃ ልኬዋለሁ።"

ፊቱ ሻማ መሰለ። ነገሩ አንዴ በጽሑፍ ሰፍሯልና ከእንግዲህ ፈገግታው ዋጋ የለውም፤ ማታውኑ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የአሥራ አራት ቁጥር ባለቤቶች የሚስተር ፔሊውን በር በቡጢ ደበደቡ።

አንድ ነገር ግን ጨምሬያለሁ። ውሃው ሲጎድል ይምጡ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም። የወንዙ ግንብ ላይ ያለውን የውሃ ምልክት አይተው፣ ሰዓቱን ቆጥረው፣ ራሳቸው ናቸው የደረሱበት። እኔንማ ጠይቀውኝ ነበር፤ አፌ በተጠበሰ ድንች ተሞልቶ ነበርና "እኔ ምን አውቄ" አልኳቸው።