ኬሪን የዘገየችበት ወንዝ

ወንድሜ ፈርገስ ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲሸልት ኖሯል። በግ ሸላች ደግሞ ቤቱ ሲገባም ሰውን ሁሉ አንገቱን ይዞ ወደ ፈለገበት ማዞር ያምረዋል። እግዜር የሰጠው አንድ ልጅ ብቻ ናት፣ ኬሪን፤ እሷ ደግሞ አንገቷን አታስይዝም። ከማን እንደወረሰችው አልናገርም፤ እኔ አክስቷ ነኝ።

ያን ዓመት የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ፣ የደቡብ አሜሪካን ካርታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከረመች። የሻይ ስኒ የምናስቀምጥበት ቦታ እንኳ ጠፋ። ከጓደኛዋ ከጆስ ጋር ነበር ሊሄዱ ያሰቡት፤ ጆስ ግን አንድ አጥር ሠሪ ወደደችና ቀረች። የኛይቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ብቻዬን እሄዳለሁ።"

"ብቻሽን?" አለ ፈርገስ። "የሰው ልጅ ሁሉ ለንደን ሲሄድ አንቺ ምን ነክቶሽ ነው? እዚያ ዘመድ አለሽ፣ ቋንቋው የራስሽ ነው!"

"ዘመዶቼንማ እዚሁ ጠግቤያቸዋለሁ፣ አባዬ። ለነሱ ብዬ አውሮፕላን ልሳፈር?"

ሳቄ አመለጠኝ። ፈርገስ ገላመጠኝ።

ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ቆይታለች፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም። ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አባቷ ሳይመርቃት ከትንሿ ከተማችን ከቱዋታፔሬ መውጣት አልሆነላትም። ስንት ቀን ሻንጣዋን ሞልታ መልሳ ስታራግፍ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

በመጨረሻ ፈርገስ ዘዴ ያገኘ መሰለው። "እሺ፣ እሄዳለሁ ካልሽ እንሞክርሽ" አላት። "ሻንጣሽን አዝለሽ እዚሁ እኛ ጫካ ብቻሽን ግቢ። እሁድ ቀትር ላይ ከጫካው በር ካለው ወንዝ ወዲህ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ካገኘሁሽ፣ እኔው ራሴ አውሮፕላን ጣቢያ አደርስሻለሁ። ካላገኘሁሽ ግን የደቡብ አሜሪካ ነገር እዚህ ቤት አይነሳም።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

እጅ ተማቱ። በማግስቱ እየዘፈነች ጫካ ገባች።

ቅዳሜ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ይሄኛው ግን ጣራውን የሚበሳ ዓይነት ነበር። እሁድ በፈርገስ መኪና መንገዱ ጫፍ ስንደርስ ወንዙ ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ወዲያ ማዶ ማንም የለም። ቀትር አለፈ። ያሰርኩትን አይብ የገባበት ዳቦ የሚነካው ጠፋ።

ፈርገስ ድንገት ፊቱ አመድ መሰለ። "ሞራግ" አለኝ፣ "የወንዝ ቀን አልሰጠኋትም።"

ወይ ጉዴ! እውነቱን ነው። በኛ ዘንድ ጫካ የሚገባ ሰው የሚወጣበትን ቀን ለአንድ ሰው ይናገራል፤ በዚያ ላይ አንድ ቀን ይጨምርበታል። እሱን ነው የወንዝ ቀን የምንለው። ወንዝ ከሞላ እስኪጎድል ማዶ ቁጭ ትላለህ፤ ቤት ያለውም ሰው ሳይደነግጥ ይጠብቅሃል። የሰፈሩን ልጆች ይህን ያስተማረው ሌላ ማን ሆነና? ራሱ ፈርገስ! ለራሱ ልጅ ግን እሁድ ብሎ ቆረጠላት።

"ትሻገራለች" አለ። "ለእልህ ስትል፣ ለኔ ስትል ትሻገራለች። ምናልባትም ተሻግራ..." አልጨረሰውም።

"ዝም በል!" ጮኽኩበት። "አንተ ግትር! ልጅቷን ከውሃ ጋር አወራረድካት!" ከዚያ እኔም አለቀስኩ። እሱ ወደ ቅርቡ እርሻ ሮጦ ለፖሊስ ስልክ ደወለ፤ ያኔ ኪስ ውስጥ የሚያዝ ስልክ አልነበረም። ፖሊሱም ሲነጋ ፈላጊዎች ይዞ እንደሚመጣ ነገረው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳናይ መኪናው ውስጥ አደርን። ወንድሜ ሲጸልይ የሰማሁት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ዝናቡ አባራ። ፈላጊዎቹ ገመዳቸውን ሲያወርዱ፣ ማዶ ዛፎቹ መሃል ቀይ ነገር ታየኝ። ሻንጣዋ ነው! "ኬሪን!" ብለን ጮኽን፤ የወንዙ ድምፅ ዋጠን። እሷ አየችን፣ ወደ ውሃው ወረደች፣ ውሃውን አስተውላ አየችውና... ቁጭ አለች። መዳፏን ዘርግታ ጠብቁኝ አለችን። ከዚያ ትንሿን የጉዞ ምድጃዋን ከሻንጣዋ አውጥታ ሻይ ጣደች፣ የምን ጣጣ!

ፈላጊዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ፈርገስም ይስቃል፣ እንባው ግን ጢሙ ላይ ይወርዳል። "ተመስገን" ይላል፣ "ተመስገን፣ ሻይ እየጠጣች ነው።"

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሲጎድል፣ ብትወድቅ ቶሎ እንድትጥለው የሻንጣዋን የወገብ ማሰሪያ ፈትታ፣ በእንጨት እየተመረኮዘች ተሻገረች። አባቷ እስከ ወገቡ ገብቶ ተቀበላት።

"አባዬ፣ እሁድ አልደረስኩም" አለችው። "በጠዋት መጥቼ ነበር። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ግንድ ሲያልፍ አየሁና ወጣሁ። ጉዞዬ ቀረ ብዬ ጫካው ውስጥ እስካለው የመንገደኞች ጎጆ ድረስ እያለቀስኩ ተመለስኩ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አላት።

አፍጥጣ አየችው። ይህ ቃል ከወንድሜ አፍ እንደ ዋዛ አይወጣም፤ እኔ እንኳ ስንት ዓመት ቀቅዬ ሳበላው ሰምቼው አላውቅም።

"ለምኑ?"

"ስለዘገየሽልኝ።" ሻንጣዋን ከጀርባዋ ተቀብሎ ራሱ አዘለው። "አውሮፕላን ጣቢያ አደርስሻለሁ። እዚያም አገር ስትሄጂ፣ ልጄ፣ ዘግዪልኝ።"